የዳማ ባለቤት ትስላለች

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ድሬዳዋ በሯን ዘግታ ሙቀቱን በምታሳልፍበት ሰዓት፣ ወይዘሮ አስካለ ከባሏ ከአቶ ይርዳው ጎን ጋደም አለችና ሕልም አየች።

ከሕልሙ በፊት የነበረው ነገር እንዲህ ነው። አስካለ ዕድሜዋን ሙሉ በጂቡቲ መስመር የጭነት መኪና ስታሠራ ኖራ፣ ሃምሳውን ካለፈች በኋላ መኪኖቿን ሸጠችና አራት ሰው የሚይዝ አሮጌ አውሮፕላን ገዛች። ማብረሩንም ተማረች። ቀለሙ ቀላ ያለ ስለነበር እንደ ፈረስ ዳማ ብላ ጠራችው። ዘመድ አዝማዱ «አስካለ ለየላት» አለ። እሷ ግን እንደዚያ ጊዜ ደስ ብሏት አያውቅም።

ከፋሲካ ወዲህ ዳማ አመል አወጣ። መሬት ላይ ሲያስነሡት እንደ ልብስ ስፌት መኪና ልስልስ ብሎ ይሠራል። ሰማይ ላይ ወጥቶ ትንሽ እንደቆየ ሳል ይጀምረዋል፤ ጉልበቱም ይከዳዋል። አስካለ «አይዞህ ዳማ፣ አይዞህ የኔ ጌታ» እያለች፣ እየለመነች፣ እንደምንም ትመልሰዋለች። ካረፉ በኋላ መካኒኳ ኑረዲን የቀረውን ነዳጅ አይቶ እንደገና ሲያስነሳው፣ በሽታ የሚባል ነገር የማያውቅ ይመስላል። ኑረዲን ካንዴላውን ለወጠ፤ ካርቡራቶሩን ፈቶ አጠበ፤ የነዳጅ ማጣሪያውን ቀየረ። ሳሉ ግን አልለቀቀም።

ይርዳው በበኩሉ አምፖል ለመቀየር እንኳ ጎረቤት የሚጠራ ሰው ነው። «ሽጪው» ማለት ጀመረ። ቆይቶም ገዢ አመጣ። ገዢው አቶ ሸዋንግዛው የሚባል ባለሆቴል ሲሆን ሐሳቡ ዳማን በክሬን አንሥቶ የሆቴሉ ሰገነት ላይ ማቆም፣ ሆዱ ውስጥም ጠረጴዛ ዘርግቶ ቢራ መሸጥ ነበር። «ፀሐይዋ በረድ ስትል መጥቼ እንጨርሳለን» ብሎ ሄደ። አስካለ እሺም እንቢም ሳትል ፓስታዋን በልታ ተኛች።

በሕልሟ ዳማ በገመድ ይስባት ነበር።

ሰማዩ ከእግሯ በታች ነው። መሬቱ ከራሷ በላይ እንደ ጣሪያ ተዘርግቷል፤ ዛፎቹም ቁልቁል ተንጠልጥለዋል። ዳማ በኋላ ጎማዎቹ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ክንፎቹን እንደ ጋቢ አጣፍቶ ፊት ፊት ይሄዳል። አስካለ ገመዱን አልጠላችውም። ላላ ያለ ነበር፤ የሚስባትም፣ ሰው የታመመ ዘመዱን ይዞ እንደሚሄደው፣ በቀስታ ነበር።

አንድ በር ላይ ደረሱ። ዘቧ አህያ ናት፤ ኮፍያ አድርጋለች።

«ባለቤትህ ናት?» አለች ዳማን።

«አዎ።»

«ያገለገለች ናት?»

«ትንሽ አገልግላለች። ከኔ በፊት ይርዳው የሚባል ሰው ነበራት። አሁንም ይጠቀምባታል።»

አህያዋ የአስካለን ጉልበት በኮቴዋ ጠለዝ ጠለዝ አደረገችና «ጎማዋ አየር አለው፤ ግቡ» አለች።

ግቢው ባለቤቶቻቸውን ይዘው በመጡ አውሮፕላኖች ተሞልቷል። ግድግዳው ላይ «ሳያጉረመርሙ መጠበቅ ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። አስካለ ሕግ ማክበር ስለምትወድ ትንሽ አጉረመረመች። አጠገባቸው ከጅግጅጋ የመጣ ነጭ አውሮፕላን አንድ ቀጭን ሰውዬ ብብቱ ሥር ይዟል።

«የኔው ጠዋት አልነሣም ይለኛል» አለ ነጩ። «በየቀኑ ገፍቼ ነው የማስነሣው።»

«የኔዋ ታፈሳለች» አለ ሌላው፣ አንዲት ወፍራም ሴትዮ እያሳየ። «ሠርግ ባየች ቁጥር ከሁለቱም ዓይኗ።»

«የኔዋ መሬት ላይ ምንም አትልም» አለ ዳማ። «ሰማይ ላይ ስትወጣ ነው የምትስለው።»

ነጩ አውሮፕላን በክንፉ ጫፍ ዳማን መታ መታ አደረገው፤ ሰው ለቅሶ ቤት እንደሚያደርገው።

ከዚያ ወዲያው ጋራዥ ውስጥ ነበሩ። ሐኪሙ አንድ ሽማግሌ የወፍጮ ሞተር ነው፤ ነጭ ጋዋን ለብሶ መነጽር አድርጓል። ጆሮው ላይ ዱቄት አለ። አስካለ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት መፍቻዎች መካከል ኑረዲንን አየችው። በሸሚዙ ኮሌታ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ እግሩን ያወዛውዛል።

«ኑረዲን! ምን ሆነህ ነው?»

«ሥራ ገብቼ ነው፣ እትዬ። እዚህ የአሥራ አራት ቁጥር መፍቻ ነኝ።»

«ይመችሃል?»

«ወላሂ ይመቻል! ሲፈልጉኝ ያወርዱኛል፤ ሲጨርሱ ይሰቅሉኛል። በሽታው ምንድን ነው ብሎ የሚያፋጥጠኝ የለም።»

አስካለ እሷው ራሷ ስታፋጥጠው እንደከረመች ትዝ ብሏት አንገቷን ደፋች። የወፍጮ ሞተሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የሚስል ሰው ሦስት ነገር ይታይለታል» አለ። «ነዳጅ፣ እሳት፣ አየር። በጥድፊያ የፈታ በልቅሶ ይገጥማል።»

አስካለ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ትንሽ ቧንቧ ነበራት ኖሮ፣ ሞተሩ ጎንበስ ብሎ ከፈተውና በብርጭቆ ቀዳ። ቀይ ነበር። ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አየው።

«ምሳ ምን ሰጠሃት?»

«ፓስታ» አለ ዳማ።

ሞተሩ ቀመሰው። «ውሃ አልገባበትም፤ ዝቃጭም የለው። በርበሬው በዝቷል እንጂ ነዳጇ ደህና ነው። አሥራ አራት ቁጥርን አምጡልኝ።»

ኑረዲንን ከሚስማሩ አወረዱት። የአስካለን ጥርሶች አንድ በአንድ እየፈታ ጨርቅ ላይ ደረደራቸው፤ በየጥርሱም «ይቅርታ፣ እትዬ» ይላል። አያምም፤ እንዲያውም ትንሽ ይኮረኩራል። ጥርሶቹ ሥራቸው ጥቁር ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ዳማ ደንግጦ።

«ነዶ ያላለቀ ንግግር ነው» አለ ሞተሩ። «ልትናገር ታስብና ትውጠዋለች፤ እሱ ነው የሚጠቁረው። ብዙ ባለትዳሮች ላይ አያለሁ።» በብሩሽ ፈገፈጋቸውና መልሶ አሰራቸው። «አሁን እሳቷን እንፈትን። የሚያናድዳት ሰው አለ?»

ዳማ ቀና ብሎ አየ። ይርዳው በሽርጥና በነጠላ ጫማ የጋራዡ ጣሪያ ወራጅ እንጨት ላይ እንደ እርግብ ሰፍሮ ነበር።

«ይርዳው! ውረድ፣ ትወድቃለህ!» አለች አስካለ።

«አልወርድም! መሬት ያዞረኛል።»

«መብረር ደግሞ ከየት ተማርክ?»

«ማን ተማረ? መያዙን ተውኩት እንጂ።» ከአንዱ ወራጅ ወደ ሌላው በረረ፤ ሽርጡ ተነፋ። አምሮበት ነበር። አስካለ እንዲህ ያለ ባል እንዳላት እስከዛሬ አላወቀችም።

«እስቲ ያቺን ቃልህን ንገራት» አለው የወፍጮ ሞተሩ ይርዳውን።

«ሽጪው!» አለ ይርዳው ከላይ።

ከሁለቱም የአስካለ ጆሮዎች ሰማያዊ እሳት ቷ! ብሎ ወጣ። ጋራዡ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። አህያዋ ከበር ላይ አጨበጨበች።

«እሳቷም ደህና ነው» አለ ሞተሩ። «እንግዲህ ሰማይ ላይ ካላየኋት ሌላ መድኃኒት የለኝም።»

ይህን ሲል አቶ ሸዋንግዛው በእጁ እየተራመደ ገባ። እግሮቹ ላይ ትሪ ተሸክሟል። አስተናጋጆቹ ደግሞ ከኋላው ተቀምጠው ይጠጣሉ፤ እንግዶቹ በወንበር ተሸክመዋቸዋል።

«ይህችን ሴትዮ ሽጥልኝ» አለው ዳማን። «ሰገነቴ ላይ አቆማታለሁ። እጇን ዘርግታ ትቆማለች፣ እንግዳ ከጥላዋ ሥር ቢራ ይጠጣል። ሳሏ እኔን አይጎዳኝም፤ የትም አትሄድብኝም።»

አስካለ ዳማን አየችው። ዳማ ዝም አለ። እሺም እንቢም አላለም። ያ ዝምታ ከጥርሷ መፈታት ይልቅ አመማት። እንዲህ ያለውን ዝምታ የት እንደምታውቀው ልታስታውስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ሞተሩ ግን ገመዷን ፈቶ «ተነሡ፣ ተነሡ» አለ።

ዳማን ጀርባዋ ላይ ጫኑት። እንደ ባዶ ሰፌድ ቀላል ነበር። እሷም ተንደረደረችና ቁልቁል ወደ ሰማዩ ተወረወረች።

እንዴት ደስ ይል ነበር! ክንዶቿን ስትዘረጋ ነፋሱ ተሸከማት። ከራሷ በላይ ድሬዳዋ ተዘርግታለች። የደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሰዎች ይዋኛሉ። ባቡሩ በጀርባው ተኝቶ መንኮራኩሮቹን ፀሐይ ያሞቃል። ቀፊራ ገበያ ሸቀጡ ሰው ይመርጣል፤ አንድ ማንጎ አንድ ሰውዬ ጨመቅ አድርጎ «ይህ አልበሰለም፣ ለሳምንት ይቆይ» ሲል ሰማች። አስካለ ሳቀች። ዳማም ጀርባዋ ላይ ሆኖ ሳቀ።

ትንሽ እንደቆየች ግን ደረቷ ጠበባት። አንድ ጊዜ ሳለች። ደገመች። ክንዷ ዛለ፤ ደመናዎቹ ወደ እሷ መምጣት ጀመሩ።

«አይዞሽ አስካለ» አለ ዳማ። «አይዞሽ የኔ እመቤት።» አንገቷን በክንፉ ጫፍ ይዳብሳታል።

«ዳማ፣ ልጥልህ ነው። ለሰውዬው ስጠኝና ይብቃህ።»

«ምን ትያለሽ?» አለ። «የሰው መጠጫ ላደርግሽ ነው እንዴ የያዝኩሽ? ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ስትስይም የኔ ነሽ። በሽታሽን እንፈልገዋለን። ዛሬ ካላገኘነው ነገ እንፈልገዋለን።»

አስካለ አለቀሰች፤ እንባዋም ሽቅብ ወደ ድሬዳዋ ዘነበ። እየወደቀች ነበር፣ ግን እንደዚያ ቀን ልቧ ሞልቶ አያውቅም። ከላይ የወፍጮ ሞተሩ በድምፅ ማጉያ ይጮኻል።

«ነዳጅ አላት! እሳት አላት! የቀረው አየር ነው! ማን ነው የደፈናት? መተንፈሻዋን እዩ! መተንፈሻዋን...»

ዳማ ከጀርባዋ ጎንበስ ብሎ ፊቷን አየና «አስካለ፣ አፍንጫሽ ላይ...» አለ።

ነቃች።

አፍንጫዋን ሁለት ጣቶች ጥርቅም አድርገው ይዘውታል። ጣቶቹ የይርዳው ናቸው።

«ይርዳው! ምን እያደረግህ ነው?»

ይርዳው እጁን ቶሎ ሸሸገ። «ታንኮራፊያለሽ እኮ! ስደፍንሽ ትንሽ ቆይተሽ ዝም ትያለሽ። ስለቅሽ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ትቀጥያለሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምታደርገኝ?»

«ከተጋባን ጀምሮ» አለ ይርዳው።

አስካለ ልትጮህበት ስትል የዳማ ሳል ትዝ አላት። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ኑረዲን ጋ ደወለች። ኑረዲን ከዳማ ክንፍ ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ነበር።

«ኑረዲን፣ ስናርፍ መጀመሪያ የምትከፍተው ምንድን ነው?»

«የነዳጅ ታንከሩን ክዳን ነዋ፣ እትዬ። ነዳጅ መኖሩን ለማየት።»

«ስትከፍተው ድምፅ ያሰማል?»

«አዎ፣ ሽው ብሎ አየር ይስባል። ከዚያ ሳስነሳው ደህና...»

«ክዳኑ ሲዘጋ ታንከሩ በየት ነው የሚተነፍሰው?»

«ከክንፉ ሥር በምትወጣ ቀጭን ቱቦ ነው፤ እሷ ከተደፈነች ነዳጁ ወደ ሞተሩ አይወርድም» አለ ኑረዲን። «ወላሂ፣ እትዬ፣ እሷን አላየኋትም። ቆይ፣ ስልኩን አይዝጉት፣ ሽቦ ላምጣ።»

ከውጭ የክሬን ጥሩንባ ተሰማ። ይርዳው በመስኮት አየና ሽርጡን አጠበቀ። «ሸዋንግዛው መጣ። ምን ልበለው?»

«አይሸጥም በለው።»

«ምክንያቱን ቢጠይቀኝስ?»

«አንተ እስከዛሬ አፍንጫዬን ስትይዝ ምክንያቱን ነግረኸኝ ታውቃለህ?» አለች አስካለ፤ ሳቋም መጣ። ይርዳውም እየሳቀ በሩን ሊከፍት ወጣ።

ስልኩ ውስጥ ሽቦው ሲፈገፍግ ተሰማ።

«ጭቃ ነው፣ እትዬ!» ኑረዲን በደስታ ጮኸ። «ተርብ ቤት ሠርቶበታል! በጭቃ ጥርቅም አድርጎ ደፍኖታል! ይኸው ወጣ፣ ሙሉ ቤቱ ወጣ! አሁን ቱቦው እንደ... ኧረ! ኧረ እትዬ፣ ባለቤቶቹ መጡብኝ!»

ከዚያ በኋላ የተሰማው የሩጫ ድምፅ ብቻ ነበር።