አሥር ኩንታል ከትራሴ በላይ

ሰው ፎቅ ሲሠራ ቶሎ የሚረሳው ነገር ቢኖር ከበታቹ ሌላ ሰው መኖሩን ነው። ይህ ለሹማምንትም ይሠራል ትሉኝ ይሆናል፤ እኔ ግን የማወራው ስለ ወንድሜ ስለ ጌታቸው ሳሎን ነው።

ጌታቸው ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። በከተማችን ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ባለአንድ ፎቅ ቤት ሠራ። ሠላሳ ዓመት በሰው አገር ቆይቼ፣ እኔም ማንንም ሳልናፍቅ፣ እኔንም ማንም ሳይናፍቅ፣ በሚሊኒየሙ ማግስት ስመለስ ምድር ቤት አንድ ክፍል ሰጠኝ። ቀጥሎ ያለው የእሱ መኝታ ነው። ሳሎኑ ከላይ ሁለታችንንም ሸፍኖናል።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄዶ ሆቴል ውስጥ የዓሣ ገንዳ አይቶ መጣ። ወዲያው የሁለት ሜትር የመስታወት ገንዳ ሳሎኑ መሃል፣ ማለትም ከአልጋዬ በላይ፣ ሊያቆም ቆረጠ። በሁለት ሐይቅ መካከል እየኖረ ዓሣ ናፈቀኝ የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በዚህ ከተማ ዓሣ የሚታወቀው በሰሃን ላይ፣ ከዳጣ በርበሬ ጋር ነው።

እኔ ስሌት ያዝኩ። ሁለት ሜትር በስድሳ ሴንቲ፣ ከፍታው ሰባ፤ ውኃው ብቻ ስምንት ኩንታል ያልፋል። መስታወቱ፣ አሸዋውና ድንጋዩ ሲታከልበት አሥር። ወረቀቱን ሳሳየው፣ እትዬ መቼም ደስታን በኪሎ ነው የምትመዝኚው አለኝ። እውነቱን ነው። ይኼኛው ደስታ ግን የሚንጠለጠለው በእኔ ትራስ ላይ ነበር።

ቤቱን የሠራው ግንበኛ ዳና ተጠራ። ዳና የጨንቻ ሰው ነው። ወለሉ ውስጥ ምን ያህል ፌሮ እንደገባ ስጠይቀው በቂ ነው አለ። በቂ ስንት ነው ስለው፣ በእኛ አገር የቀርከሃ ቤት ሲያረጅ ጎረቤት ተሸክሞ ቦታ ያዛውረዋል፤ ሰው ቤት ከተሸከመ፣ ቤት ዓሣ ቢሸከም ምን ይገርማል እትዬ አለኝ። መልስ አይደለም፤ ግን መልስ ካልሆኑ መልሶች ሁሉ ያማረው እሱ ነው።

ጌታቸው በዚህ አልረካም፤ በተግባር ላረጋግጥልሽ አለ። የጽዋ ማኅበሩ ተራ በደረሰበት እሑድ የገንዳውን ልክ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመረና ማኅበርተኞቹን ቁሙበት አላቸው። አሥራ አራት ነበሩ፤ መስመሩ ውስጥ የገቡት ስምንት። የቀሩት ዳር ቆመው ያጽናው፣ ያጽናው ይላሉ። ስለዚህ ወለሉን ስምንቱ በክብደት፣ ስድስቱ በምርቃት ፈተኑት። አልተሰነጠቀም። ይኸው፣ አለኝ ጌታቸው። እንግዳ ጠላውን ጠጥቶ ይሄዳል፤ ውኃ ግን ከመጣ አይሄድም፣ ሲሄድም በእኔ በኩል ነው አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ በዚያ ሳምንት አልጋዬን አራት ጊዜ አዛውሬ ነበርና። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የትም ባደርገው ከገንዳው ሥር አልወጣም።

በመጨረሻ የአንዱ ማኅበርተኛ ልጅ፣ መሐንዲስ ናት፣ መጣች። ጣሪያዬን ከሥር አንኳኳች፤ ወለሉን የተሸከመው ቢም በየት በየት እንደሚያልፍ ዳናን እያስመራች አየች። መሃሉ ላይ አይሆንም አለች። እዚያኛው ግድግዳ ሥር፣ ቢሙ ላይ ከሆነ ግን አሥር ኩንታል አይከብደውም። ቦታውን በጣቷ አሳየችን። ልክ ከጌታቸው አልጋ በላይ ነው።

ጌታቸው ጣቷን በዓይኑ ተከተለ። ከዚያ ዓሣ ለካ ፎቅ አይስማማውም አለ፤ ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ይጎዳዋል። ለእኔ ራስ ብረት የነበረው ወለል ለእሱ ራስ ብስኩት ሆነ። ቀጥሎም፣ እትዬ፣ ለምን አንቺ ላይ አትወጪም፣ ነፋሻ ነው፤ ዓሣዎቹ ያንቺ ክፍል ይቀመጡ አለኝ። ሳሎኑን በኮምፔንሳቶ ከፍሎ ክፍል አወጣልኝ።

ከሰው አገር ስመለስ በመርከብ ያስጫንኳቸው አርባ ካርቶን መጻሕፍቴም አብረውኝ ወጡ። መደርደሪያው የቆመው መሐንዲሷ በጣቷ ባሳየችው ግድግዳ ሥር ነው። ካርቶኖቹ ላይ የተጻፈውን ኪሎ ብደምረው ከዓሣው ገንዳ ጋር እኩል መጣ። ለጌታቸው ሳልደብቅ ነገርኩት። ሳቀና ወርዶ የከሰዓት እንቅልፉን ተኛ፤ ማንኮራፋቱ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። መጽሐፍ ክብደት አለው ብሎ የሚፈራ ሰው በቤታችን ኖሮ አያውቅም።