«ሁለንተናዊ» የምትባል ቃል

«ሁለንተናዊ» የምትለዋን ቃል ሳይጽፍ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል፤ ወንድም ብርሃኑ ይባላል። የጸሎት ኅብረታችን ተልዕኮ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ ተብሎ ኮሚቴ ሲመረጥ ሰብሳቢ ያደረግነው እሱን ነው።

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ አንድ ካፌ ስድስት ቅዳሜ ተሰበሰብን። በጸሎት እንከፍታለን፣ በጸሎት እንዘጋለን፣ መሀል ላይ በ«ሁለንተናዊ» እንጣላለን። የኮሚቴው አባል እትዬ አስካለ አንድም ቀን ስላልመጡ በየቃለ ጉባኤው «ያለ ፈቃድ ቀሪ» ብዬ የመዘገብኳቸው እኔ ነኝ። ጸሐፊ ነኛ።

በሰባተኛው ቅዳሜ ምርኩዝ ይዘው መጡ።

«ታምሜ ነበር» አሉ። «እስቲ የጻፋችሁትን አንብቡልኝ።»

ብርሃኑ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። «በክርስቶስ ፍቅር ተነሳስቶ የታመሙትን በሁለንተናዊ መንገድ የሚጠይቅ ኅብረት መሆን።»

«ቆንጆ ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «መቼ ነው የሚጀመረው? የኅብረታችን አባል ጋሽ ደምሴም ታመው ጎሮ ቤታቸው ከተኙ ወር አለፋቸው።»

እኔ ስኳር ያላደረግኩበትን ማኪያቶ ሳማስል ቆየሁ። በቃ ግን፣ እስከ መቼ? ቃለ ጉባኤውን ገልብጬ በጀርባው ጻፍኩና ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ማክሰኞ ከሥራ መልስ ከመገናኛ ታክሲ ይዘን ጎሮ የተኙትን ጋሽ ደምሴን እንጠይቃለን።»

ብርሃኑ ቅር አለው። «‹ሁለንተናዊ›ስ የት ገባች?»

«ታክሲው ላይ ቦታ ከተረፈ ትሳፈራለች» አልኩት።