ማዳም ኮሌጅ የገባች ቀን

አዲስ የኮሌጅ ተማሪ ሲፈራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ያየ ሌላ ማየት አያስፈልገውም። ዐረብ አገር፣ ኻልዳ በሚባል ሰፈር ተቀጥሬ የምሠራበት ቤት እመቤት፣ በዕረፍት ቀኔ ኮምፒውተር እንድማር ስዌይለህ የሚባል ሰፈር ካለ ኮሌጅ አስመዘገበችኝ። የመጀመሪያው ቀን ራሷ ወሰደችኝ፤ ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ ግን ወደ ኋላ አፈገፈግሁ።

«ማዳም፣ በሌላ ቀን ይሁን» ብዬ ለመንኳት።

«ያላ፣ ነይ! አብሬሽ እገባለሁ!» አለችና ክንዴን ይዛ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች።

መምህሩ ተማሪ መስላው፣ «እስቲ አንቺ፣ ኮምፒውተሩን ክፈቺው» አይላት መሰላችሁ! ቤቱን ሙሉ የምታንቀጠቅጠው ማዳም፣ ራሷ እየተንቀጠቀጠች ወደ እኔ ዞረች።

«በየት በኩል ነው የሚከፈተው?»

«እኔስ መች አውቄ!»

ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን፤ ፍርሃቴም በዚያው ለቀቀኝ። ትምህርቱንም ጨረስኩ። እግዜር ይስጣት! «አትፍሪ» ያለኝ ሰው ብዙ ነው፤ አብሮኝ የፈራ ግን ከእሷ በቀር አላገኘሁም።