የሙሴ ቀስትና ሦስቱ ጣቶቼ

ወዳጄ ሆይ፣ ይህን በማውጋቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገሩ የአገርን ክብርና የሦስት ጣቶቼን ገመና ይነካል። ዝም ልል አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉት ወርቅ ያላቸው ናቸው።

ለመሆኑ የእንጨት ቀስት ስበህ ታውቃለህ? ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲያዩት የዋህ ነው። ሲስቡት ግን እልኸኛ በሬ ነው። እኔም አላውቅም ነበር። በዘራችን ደጋን የጨበጠ ሰው ቢኖር እናቴ ናት፤ እሷም የነደፈችው ጥጥ ነው።

ያኔ ጅቡቲ ውስጥ የትራንዚት ጸሐፊ ነበርኩ። ፀዳለ ደግሞ ሆዳን በሚባለው ሰፈር አንድ ፈረንሳዊ ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች። አሠሪዋን ሁላችንም ሙሴ ነው የምንለው። እኔና እሷ ልንጋባ ተስማምተናል፤ የቀሩት አክስቷ እትዬ ብዙነሽ ናቸው። ካርቲየ 3 በሚሉት ሰፈር ሻይ ቤት አላቸው። ሰው የሚመዝኑት ደግሞ በአበላሉ ነው። ከኔ በፊት አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ፀዳለን ሊያገባ ለምሳ ተጠርቶ ነበር። ደህና ሰው ነው አሉ። ገበታ ላይ ግን ማንኪያ ጠየቀ። እትዬ ብዙነሽ ማንኪያውን ሰጡት፤ ልጅቱን ከለከሉት። «እንጀራ በማንኪያ የሚበላ ነገ ሚስቱን በሹካ ሊይዛት ነው?» አሉ።

የኔ ምሳ ዓርብ ሆነ። የፀዳለ የዕረፍት ቀን ነው። ልወስዳት ሆዳን ስደርስ ሙሴ ግቢው ውስጥ ጆንያ ሰቅሎ በቀስት ያነጣጥራል። ቀስቱን እኛ አገር ቆላ ውስጥ ለሥራ ቆይቶ ሲመለስ ያመጣው ነው። ግራ ክንዱ ላይ ቆዳ አስሯል፤ ጣቶቹንም በቆዳ ሸፍኗል። ሲያየኝ አንድ ነገር ተናገረ። ፀዳለ ተረጎመችልኝ፦ «እናንተ የቀስት አገር ሰዎች ናችሁ፣ እስቲ አሳየኝ ይልሃል።»

«አላውቅም» ማለት ስንት ቃል ነው? አንድ! እኔ ግን አገሬ በሙሉ ከኋላዬ ቆማ የምታይ መሰለኝ። ልጅ ሆኜ ወፍ አወርድበት ነበር በይው አልኳት። ሙሴ ቆዳውን ፈትቶ ሲሰጠኝ በሁለት እጄ መለስኩለት። የኛ ሰው ክንዱን አይሸፍንም በይው አልኩ። እሱን አልተረጎመችውም። «ኧረ አድርገው አንተ! ምን ይጎዳሃል?» አለችኝ።

ምን እንደሚጎዳኝ ወዲያው ታወቀ። ጅማቱ ግራ ክንዴን ከክርኔ እስከ አንጓዬ ገረፈው። የኔታ እንኳ እንዲህ አልገረፉኝም። ፍላጻው እግሬ ሥር ወደቀ። ሙሴ «አንኮር!» አለ፤ ድገመው ማለቱ ነው። ሁለተኛው ፍላጻ የሙሴን ፒጃማ ከማድረቂያው ገመድ ላይ አወረደው። ወፍ አወርድ ነበር አላልኩም? ሙሴ ሳቁ መጣ። አንኮር! ፀዳለ እያየችኝ እንዴት ልቁም? ፍላጻው እስኪያልቅ አሥራ ሁለት ጊዜ ሳብኩ። ትከሻዬ የሌላ ሰው ትከሻ ሆነ። ጅማቱን እንደ እንጀራ ቆንጥሬ ይዤው ኖሮ አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴና የመሀል ጣቴ ውሃ ቋጥረው ፈነዱ።

ልብ በል። እነዚህ ሦስቱ የምንበላባቸው ናቸው።

በዚያ ሙቀት እጅጌዬን እስከ አንጓዬ ቆልፌ እትዬ ብዙነሽ ፊት ተቀመጥኩ። ዓርብ ነውና ሥጋ የለም፤ በርበሬ ግን ጾም አያውቅም። ምስር ወጥ ቀረበ። አዚፋ ቀረበ፤ ሰናፍጩ ከሩቅ ያስነጥሳል። እትዬ ብዙነሽ እኔን ለማክበር ሎሚ ጨመቁበት። መደርደሪያው ላይ አንዲት ማንኪያ ታየኛለች፤ እኔም አያታለሁ።

ቆረስኩ። ነከርኩ። ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«ምነው ልጄ?» አሉኝ። እናቴ ትዝ አለችኝ አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ደጋኗ ትዝ ብሎኝ ነበር። እትዬ ብዙነሽ ሆዳቸው ባባና አጎረሱኝ። አንድ ያጣላል ብለው ደገሙኝ። ጎርሶ ዝም ማለት ደግሞ ነውር ነው፤ ተራው የኔ ሆነ። አዚፋውን ጠቅልዬ ወደ አፋቸው ሳቀርብ የወርቅ ጥርሳቸው የተላጠች ሌባ ጣቴን አገኛት።

«ኡኡኡይ!»

እትዬ ብዙነሽ ጉርሻውን በጉንጫቸው እንደያዙ አፈጠጡብኝ። ያ ሹፌር ትዝ አለኝ፤ እሱ እንኳ ሳይጮህ ነው የተባረረው።

ይሄኔ ፀዳለ ፊቷን ቅንጣት ሳትለውጥ፣ «አይደንግጡ እትዬ፤ የሱ አገር ደብረ ታቦር እንዲህ ነው። የሚያከብሩትን ሰው ሲያጎርሱ ይጮኻሉ» አለች።

እትዬ ብዙነሽ አላምጠው ዋጡ። «ታዲያ ቀድሞ አይናገርም!» አሉና አንድ ትልቅ ጠቅልለው፣ «ኡኡኡይ!» ብለው አጎረሱኝ። ጎረቤት ሮጦ መጣ። ልጅቱ ተሰጠችኝ።

ለሠርጋችን አጎቴ ከደብረ ታቦር መጡ። እትዬ ብዙነሽ ባህላችንን አክብረው እየጮሁ አጎረሷቸው። አጎቴ መጀመሪያ ሊሸሹ ዳዳቸው። ኋላ የጅቡቲ ወግ መስሏቸው እሳቸውም ጮኸው መለሱላቸው። ድንኳኑ ሁሉ ተከተለ። እኔና ፀዳለ አንገታችንን ደፋን፤ ሰው ሙሽሮቹ አፈሩ አለ።

ባለፈው ዓመት አገር ቤት ደብረ ታቦር ገብቼ የሰፈራችን ሠርግ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት የማላውቃቸው እናት ጉርሻ ይዘው «ኡኡኡይ!» እያሉ መጡብኝ። ምንድነው ይሄ ብል ታዘቡኝ። «የጅቡቲ ባህል ነዋ! ያን ያህል ዘመን እዚያ ኖረህ ይህንንም አታውቅ?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔ ውሸት እያደር ባህል ሆነ። ስለዚህ ወዳጄ፣ በጎረስክበት አፍህ ለማንም እንዳታወራብኝ፤ ደብረ ታቦር ዘመድ ካለህማ አደራ። እኔ ጣቴ ድኗል፤ እነሱ ግን ገና መጮሃቸው ነው።