ጠብቃ የምትነበብ

ይስማው ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ለሠላሳ አንድ ዓመት የእህል ወፍጮ ነበረው። የወፍጮውን ሕመም የሚያውቀው በጆሮው ነበር። ድንጋዩ ሲዶለድም ድምፁ ይወፍራል፤ ያን ጊዜ ይወቅረዋል። የሞተሩ ቺንጋ ሲላላ ያለቅሳል፤ ያን ጊዜ ያጠብቀዋል። ሚስቱ ትርንጎ በበሩ ብቅ ብላ አንድ ነገር ልትነግረው ስትል ግን፣ «ቆዪ፣ ወፍጮው ይቁም» ይላታል። ትቆያለች።

ወፍጮው ከመቆሙ በፊት ጆሮው ደነቆረ። ወፍጮውን ሸጠው፤ ጩኸቱ ግን አብሮ አልተሸጠም። ራሱ ውስጥ ጭው ሲል ይውላል።

አዲስ አበባ ያየው ሐኪም በወረቀት እየጻፈ አስረዳው፤ ጆሮ የሚሰማው ሲያጣ አእምሮ የራሱን ድምፅ ያወጣል። ይስማው ወዲያው ገባው። እህል ያልገባበት ወፍጮ ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ ይውላል።

«ታዲያ እህል ስጡታ» አለ።

በቀዶ ሕክምና መስሚያ ጆሮው ውስጥ ተተከለለት፤ ከውጭ ራሱ ላይ የሚለጠፍ፣ የሚወልቅ መሣሪያም ተሰጠው። ቁስሉ ሽሮ መሣሪያው የተከፈተ ዕለት ጭውታው ወንዝ ማዶ እንዳለ ወፍጮ ራቀ፤ ትርንጎ ግን እንደ ቆርቆሮ ተንኳኳች። ይስማው አዘነ። እሱ የሚያውቃት ትርንጎ፣ ጤፍ በአህያ ጭና የመጣች ጊዜ፣ ከሞተሩ በላይ ጥርት ባለ ድምፅ «አልመህ ፍጭልኝ፤ ብታሻክረው ትመልሰዋለህ» ያለችው ናት። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ ሳይሻግት ይዞታል።

መሣሪያውን ሲያወልቅ የጥንቷ ትመጣለታለች፤ ጭውታውም ይመጣል። ሲያደርገው ጭውታው ይሄዳል፤ የጥንቷም ትሄዳለች። ስለዚህ እያወለቀ ጉልበቱ ላይ ይዞት መቀመጥ ጀመረ። የመስማት ባለሙያዋ ቤዛ አስጠንቅቃዋለች፤ በየቀኑ ካላደረገውና ካልተለማመደ ቆርቆሮው መቼም ትርንጎን አይሆንም።

አንድ ቀን ትርንጎ መሣሪያውን ከጉልበቱ አንሥታ ራሱ ላይ ለጠፈችለት።

«ዛሬም አወለቅኸኝ?» አለችው።

«ድምፅሽ አይደለማ።»

«ድምፄ ነው፤ አርጅቷል። አንተ ሳትኖር ነው ያረጀው።»

«የት ሄጄ?»

«ወፍጮ ቤት።»

የቤዛ ልምምድ የቃላት ዝርዝር ነበር፤ ሲጽፏቸው አንድ፣ ሲጠሯቸው ግን ሲጠብቁና ሲላሉ ሁለት የሚሆኑ። ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ታነባለች፤ ይስማው የሰማውን ደብተር ላይ ያሰፍራል፤ የሳተውንም ከሥር ያሰምርበታል። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። «ዋና» ሲላላ ወንዝ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ አለቃ ነው። እነዚህን በሁለተኛው ሳምንት ለየ። «አለች» ግን አስቸገረችው። ስትላላ ተናገረች ማለት ናት፤ ስትጠብቅ፣ በሕይወት ትገኛለች።

«ለእኔ አንድ ናት» አለ እርሳሱን ጥሎ።

«ላንተማ» አለች ትርንጎ ከነጠላዋ ሥር፣ «አንዷም አልነበረችም።»

ይስማው እርሳሱን አንሥቶ ይህንንም እንደ ሌላው ሁሉ ጻፈው። አነበበው። ከሥሩም አሰመረበት። ከዚያ ቀን ወዲህ መሣሪያውን የሚያወልቀው ለመኝታ ብቻ ሆነ።

በሦስተኛው ወር ለምርመራ አዲስ አበባ ሄዱ። ቤዛ የይስማውን ወንበር ወደ ግድግዳው አዞረችና ትርንጎን ከጀርባው አቁማ ዝርዝሩን አስነበበቻት። ቆርቆሮው በየሳምንቱ እየሳሳ መጥቶ ነበር። ከሥሩ የወጣው ድምፅ ይዞት የኖረው አይደለም፤ ዝቅ ያለ፣ ዳርዳሩ የሻከረ፣ በወለቀ ጥርስ በኩል ትንሽ የሚያፏጭ ድምፅ ነው። ይስማው የጥንቷን ትመጣ እንደሆነ ጥቂት ጠበቃት። አልመጣችም። ጭውታውም አልመጣም። ይህችኛዋ ግን ቃል በቃል፣ ሳትቸኩል፣ ከጀርባው ታነባለች።

«አለች» ብላ አነበበች ትርንጎ።

«ጋሼ ይስማው» አለች ቤዛ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ፣ «ይህችስ ላልታለች ወይስ ጠብቃለች?»

መዞር ክልክል ነበር። ይስማው ዞረ። ትርንጎ ሽበቷ ከሻሿ አምልጦ፣ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች።

«ጠብቃለች» አለ።