ቅሬታ ሰሚዋ ማዕዶት

የካ ውስጥ፣ ስሙን መጥራት ትሕትናውን መንካት የሚሆንበት አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ይህ ታላቅ መሥሪያ ቤት አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ከትምህርት ወደ ሥራ የማሸጋገር ዕቅዱን በዓመቱ መቶ በመቶ አሳክቷል። ዕቅዱ አንድ ሰው መቅጠር ነበር።

የተቀጠረችው ማዕዶት ትባላለች። የኮተቤ ልጅ ናት፤ በአስተዳደር ዲግሪዋን በማዕረግ ይዛ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ ስትጠና የከረመች። መስማት እንደማትችል ብታስረዳም በሄደችበት ቢሮ ሁሉ "እንደውልልሻለን" እየተባለች ተሸኝታለች።

ኃላፊው አቶ ዘመንፈስቅዱስ የት እንደሚመድቧት ሦስት ስብሰባ ጠሩ። የመጀመሪያው አካታችነትን በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ መረመረ። ሁለተኛው ሻይ ቡና ነበረው። በሦስተኛው ለራሳቸው ለአቶ ዘመንፈስቅዱስ ሐሳብ ብልጭ አለላቸው፤ ቅሬታ ሰሚ ትሁን አሉ። ባለጉዳይ የፈለገውን ያህል ቢጮህ እሷ አትረበሽም፣ እሱም ተናግሮ ይወጣለታል፣ መሥሪያ ቤቱም በሰላም ውሎ ይገባል። ጭብጨባው ጉርድ ሾላ ድረስ ተሰማ ይባላል።

ማዕዶትም አጨበጨበች። የኃላፊውን ከንፈር ቃል በቃል አንብባ ነበር፤ ስድቡ ገብቷታል። ግን ሁለት ዓመት ቆሞ የከረመ ሰው ወንበር ሲሰጡት መጀመሪያ ይቀመጣል።

በማግስቱ መስኮቷ ላይ ወረቀት ለጠፈች፦ "ቅሬታዎን በጽሑፍ ያቅርቡ። ቁጥርና ማኅተም ይሰጥዎታል።"

የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ከእንጦጦ ግርጌ በእግራቸው የወረዱት እማማ ወለተጊዮርጊስ ነበሩ። የቤታቸው ፋይል ጠፍቶ ሦስት ዓመት በየፎቁ ሲናገሩ ኖረዋል። መጻፍ ስለማይችሉ ከኋላቸው የተሰለፈች መምህርት ጻፈችላቸው። ማዕዶት ቁጥር አንድ ብላ መዘገበች፣ ማኅተም መታችበት፣ ግልባጩን ለበላይ አካል ላከች። ፋይሉ በአራተኛው ቀን ተገኘ፤ ለካ የአቶ ዘመንፈስቅዱስን ጠረጴዛ አንድ እግር ደግፎ ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ሰልፉ ከግቢው ውጭ ያሉት ባሕር ዛፎች ድረስ ደረሰ። በየወሩ "ቅሬታ፦ የለም" እያለ ሪፖርት ሲልክ የኖረው መሥሪያ ቤት በአንድ ወር አራት መቶ አሥራ ሁለት ቅሬታ ተመዘገበበት። አቶ ዘመንፈስቅዱስ ከሦስተኛው ፎቅ የኃላፊዎች ቢሮ ወርደው፣ አፋቸውን ሰፋ አድርገው እየከፈቱ፣ ሥራዋ መስማት ብቻ እንደሆነ፣ መጻፉ ትርፍ ድካም መሆኑን እንደ አባት መከሯት። እሷም መመሪያውን በደብዳቤ እንዲሰጧት በትሕትና ጽፋ አሳየቻቸው። ሳይሰጧት ተመለሱ።

ግልባጮቹ ከደረሱት የበላይ አካል አጣሪ ቡድን መጣና ኃላፊውን ከቦታቸው አነሳ። ደብዳቤው በደረሳቸው ጠዋት መስኮቱ ፊት ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ ስለ ደረሰባቸው በደል ረጅም ንግግር አደረጉ። ማዕዶት ባዶ ወረቀት ገፋ አደረገችላቸው።

ሃያ ዓመት በቃል ብቻ ሲያስተዳድሩ የኖሩ ሰው ናቸውና ብዕሩን አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

"እዚህ ቤት የሚሰማኝ ሰው የለም?" አሉ።

ማዕዶት ከንፈራቸውን አነበበች። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ጻፈችላቸው፦

"የሚሰማ ከፈለጉ ሦስተኛ ፎቅ ይውጡ። እዚያ ሁሉም ይሰማሉ።"