ሀጂ ይመርቁንና እንለያይ

በዚህ አገር ስብሰባ መክፈት የማይችል ሰው የለም። ማይክ የጨበጠ ሁሉ ይከፍታል። መዝጋት ግን የሽማግሌ ሥራ ነው፤ ሽማግሌ የሚዘጋው በምርቃት ነው፤ ምርቃት ደግሞ በየሰፈሩ ለአንድ ሰው ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው። እናንተ ሰፈርም እንዲህ ያሉ አንድ አባት አይጠፉም። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ዕርቅ ላይ፣ ሁሉም ነገር አልቆ ሰው ጫማውን መፈለግ ሲጀምር፣ አንዱ ብድግ ይልና «አባባ ይመርቁንና እንለያይ» ይላል። ከዚያ በኋላ ማንም አይለያይም።

የእኛ ሰፈር ጸጋ ሀጂ ሀሰኖ ናቸው። እኔ ማዕረጋቸውን አሟልቼ ስጠራቸው «ክቡር ሊቀ መራቂያን፣ የአሰላ ጋሪ ማቆሚያና አካባቢው የምርቃት ጉዳዮች ዋና ሥራ አስኪያጅ» እላቸዋለሁ፤ በልቤ ነው ታዲያ። ድምፃቸው ማይክ አይፈልግም። ሊመርቁ ሲነሱ ከዘራቸውን ግድግዳ ያስደግፋሉ፤ ከዘራው ግድግዳ ከተደገፈ ነገሩ ረጅም መሆኑን ከደብረ ታቦር በመምህርነት ተመድቤ በመጣሁ በመጀመሪያው ወር ነው የተረዳሁት።

«ኢጆሌ፣ እጅ ዘርጉ» ይላሉ። ልጆች ማለታቸው ነው፤ በእርሳቸው ፊት የሰባ ዓመት አዛውንትም ልጅ ነው። ሁላችንም መዳፋችንን ወደ ላይ እንዘረጋለን። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። የተዘረጋ እጅ ስልክ አያነሳም፤ በአሰላ ብርድ ኪስ ውስጥም አይገባም። ምርቃቱ ሲያበቃ ሰው በመዳፉ ፊቱን ያብሳል፤ ማብቂያው ይህ ነው። ስለዚህ ትዕግሥት ያለቀብን ሰዎች «እንግዲህ ይብቃን» ለማለት ያህል ቀደም ብለን ፊታችንን እናብሳለን። የዚህ ቡድን መሪ እኔ ነኝ። ሀጂ በሐዘኔታ ያዩኝና «አንዲት ብቻ ቀርታለች፣ መምህርት» ይላሉ። ያቺ አንዲት ግን ልጆች አሏት፤ ልጆቿም የልጅ ልጆች አሏቸው።

የሰፈራችን ልጅ ሰኢድ አዲስ ባጃጅ የገዛ ዕለት ተሳፋሪዋ እኔ ነበርኩ። ሀጂ በመንገድ ሲያልፉ አይተውን ቆሙ። ከዘራውን ግንብ አስደገፉ። «የፊተኛዋ ጎማ፣ ጎሚስታ ስምሽን አይወቅ» አሉ። አሚን። ወደ ኋለኞቹ ዞሩ፤ እንዳይቀያየሙ ብለው ግራና ቀኙን ለየብቻ መረቁ። ከዚያ መሪውን፣ ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ መጨረሻ ላይ ትራፊክ ፖሊሱን። ሰኢድ አሁን ያልቃል ብሎ ሞተሩን አላጠፋም ነበር። «ነዳጅህ አይለቅብህ» ሲሉ ነዳጁ አለቀ። ትምህርት ቤት የደረስኩት በእግሬ ነው።

ትምህርት ቤቱም አልቀረለትም። አዲሱ የተማሪዎች መጸዳጃ ቤት ሲመረቅ ርዕሰ መምህራችን ሪባኑን ከመቁረጣቸው በፊት ሀጂን ጋበዟቸው። ሀጂ ከመሠረቱ ጀመሩ። ድንጋይ የጫነውን፣ ሲሚንቶ ያቦካውን፣ ቧንቧውን የገጠመውን መረቁ፤ ውኃው እንዳይቋረጥ መረቁ። ተማሪዎቹ አዲሱን እንጠቀማለን ብለው ከጠዋት ጀምሮ ታግሠው ነበር። ሰልፉ ቀስ በቀስ መወዛወዝ ጀመረ። እንደዚያ ቀን ከልቡ አሚን የሚል ሕዝብ አይቼ አላውቅም።

ግን በእኛ ሰፈር አሚን ቀልድ አይደለም። ፊርማውን የካደ ሰው ሞልቷል፤ ያም ሆኖ ጎረቤት ሰላም ይለዋል። አሚኑን የካደ ግን ሻይ የሚያጠጣው አያገኝም። ይህን ያዙልኝ።

አምና ታዲያ መንገድ መጣ። በከተማችን በኩል ሰፊ አውራ ጎዳና ሊያልፍ ነው ተባለና ቀበሌ አዳራሽ ተጠራን። ሕዝቡ መንገዱን ይወዳል፤ በጎረቤቱ ቤት በኩል ሲሄድ። ከአዲስ አበባ የተላከው ኢንጂነር ብሩክ የተባለ ጨዋ ወጣት ነበር፤ ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቀለና ቀዩን መስመር በጣቱ ተከተለ። ቀዩ መስመር ከጋሪ ማቆሚያው በላይ ያለውን የቤት ረድፍ ጠራርጎ ይሄዳል። በረድፉ ውስጥ የአከራዬ የሀጂራ ቤት አለ፤ ከጓሮው ደግሞ የእኔ አንድ ክፍል።

ሀጂራ ባሏ ከሞተ ወዲህ በሯ ላይ ድንች እየቀቀለች ለባለ ጋሪዎቹ ትሸጣለች። ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች ምድጃ ነው። ተነሣች።

«ምትክ ቦታ ትሰጡናላችሁ አይደል? እዚያ ጋሪ ይቆማል?»

«ለጊዜው እንኳ አይቆምም» አለ ኢንጂነሩ። «ከከተማው ዳር ነው፤ ገና ሜዳ ነው።»

«እንግዲያ ድንቹን ለማን ልቀቅል? ለጅብ?»

አዳራሹ ሳቀ። እርሷ አልሳቀችም። ኢንጂነሩም አልሳቀም፤ ለዚህ ነው የወደድኩት። ካርታው ላይ ሌላ ሰማያዊ መስመር አሳየን። «ይኼኛው ቤት አይነካም» አለ። «ከታች በገብስ ማሳ ነው የሚያልፈው። ግን ማሳው የአንድ ሰው ነው፤ መሃል ለመሃል ይሰነጥቀዋል። ባለቤቱ ካልተስማማ በክርክር ዓመታት ይፈጃል ብለን ተውነው።»

የማሳው ባለቤት ከፊተኛው ወንበር ላይ ከዘራቸውን ጨብጠው ተቀምጠዋል። ኢንጂነሩ አያውቅም፤ እኛ ግን እናውቃለን። አዳራሹ በሙሉ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሽማግሌን «ገብስህን ስጥ» የሚል አፍ በአርሲ ገና አልተፈጠረም። ሀጂራም ታውቃለች፤ ሻሿን አስተካክላ ተቀመጠች።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለሊሳ ሰዓቱን ተመለከተ። ከሰዓት ሪፖርት አለበት። «ጥያቄያችሁን ተቀብለናል፤ ለሚመለከተው የበላይ አካል እናደርሳለን» አለ። ይህ ማለት ቀዩ መስመር ጸደቀ ማለት ነው። ቀጥሎ ደግሞ የሰፈሩ ተወላጅ ሆኖ ሊሠራው የማይገባውን ስህተት ሠራ። «በሉ፣ ሀጂ ይመርቁንና እንለያይ።»

ከዘራው ግድግዳ ተደገፈ።

«ኢጆሌ፣ እጅ ዘርጉ። ዝናቡን በወቅቱ ያድርግልን።»

«አሚን።»

ከብቱን መረቁ። ወደ ጢቾና ወደ ጮሌ የሚሄደውን መንገደኛ መረቁ። ብቅል ፋብሪካው ጋ ሲደርሱ ትንሽ አሰቡና «ገብሳችንን የሚገዛውን አላህ ያበርታልን» ብለው አለፉ። ዩኒቨርሲቲውን መረቁ። ለኢንጂነሩ የተባረከች ሚስት ለመኑ፤ ኢንጂነሩ ከሁሉ አስበልጦ አሚን አለ። እኔ አንድ ጊዜ ፊቴን አብሼ ነበር፤ አልሠራም። በዚህ ጊዜ አዳራሹ እንደ ልማዱ ሶምሶማ ይዟል፤ አሚኑ በራሱ ይወጣል፣ የሚያዳምጥ የለም።

«መንገዱን አላህ በሰላም ያምጣልን።»

«አሚን።»

«ድንች የሚቀቀልበትን ምድጃ አያጥፋብን።»

«አሚን።»

«መስመሩ ሰማያዊው ይሁንልን።»

«አሚን» አለ ሕዝቡ። ለሊሳ አሚን አለ። ኢንጂነሩ አሚን አለ። እኔም አሜን ብዬ ፊቴን ላብስ ስል እጄ አየር ላይ ቀረ።

«በሀሰኖ ማሳ ይለፍ» አሉ ሀጂ።

አዳራሹ አሚኑን ዋጠ። ከሴቶቹ ወገን ግን አንድ ድምፅ ጥርት ብሎ «አሚን» አለ። ወይዘሮ ፈይሩዛ ነበሩ፤ የሀጂ ባለቤት። ከአርባ ዓመት ትዳር በኋላ የባሏን ምርቃት የምታዳምጥ ሴት ካለች አምጡልኝ። ሁሉም ዞሮ ሲያያቸው ግራ ገባቸው። «ምን አለ ይሄ ሰውዬ?» ብለው አጠገባቸው ያለችውን ጠየቁ። በጆሯቸው ተነገራቸው። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ አሚኑ ግን ወጥቷል።

ሀጂ ወደ ሴቶቹ ወገን ሰረቅ አድርገው አዩ። «አንዲት ብቻ ቀርታለች» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፈይሩዛን አላህ ከእኔ ያስታርቅልኝ።»

የዚያን ጊዜው አሚን የአዳራሹን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። ሰው እየሳቀ ፊቱን አበሰ። ሀጂራ ሻሿን ወደ ዓይኗ ስባ ታለቅስ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

ኢንጂነሩ ካርታውን እየጠቀለለ ወደ ሀጂ መጣ። «አባት፣ ይኼ የምር ስምምነት ነው ወይስ ምርቃት?»

«ልጄ፣ ልዩነቱ ምንድነው?»

«ገብስዎስ?»

«ገብስ ሌላም ቦታ ይበቅላል። የሀጂራን በር የት ዘርቼ ላብቅልላት?»

ዕርቁ ወዲያው አልመጣም። ወይዘሮ ፈይሩዛ ምግብ ያቀርባሉ፤ የሚያናግሩት ግን ጓሮ የታሰረችውን በግ ነው ይባላል። «እስቲ ለጌታሽ፣ ቀርቧል ብላ በይው» ይሏት ነበር አሉ። «አሚን ብያለሁ፤ እንግዲህ ምን አደርጋለሁ» ያሉት ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣብን። ወይዘሮ ፈይሩዛ ዛሬ ዛሬ እያንዳንዱን ምርቃት ቆም ብለው ያዳምጣሉ፤ ከየት እስከ የት እንደሚደርስ አስበው፣ መዝነው ነው አሚን የሚሉት። ሀጂ እርሳቸውን ይጠብቃሉ፤ እኛ ሁለቱን እንጠብቃለን። ምርቃቱ እጥፍ ሆነ።

ዘንድሮ ገብሱ እንደታጨደ ዶዘሩ መጣ፤ በሰማያዊው መስመር። ሰፈሩ ማሳው ዳር ተሰበሰበ። የዶዘሩ ሹፌር ለአገሩ እንግዳ ነው፤ «አባባ፣ ይመርቁንና እንጀምር» አለ። አይፈረድበትም።

ሀጂ ከዘራቸውን የሚያስደግፉበት ግድግዳ ስላጡ ዶዘሩን አስደገፉት። የዶዘሩን ሰንሰለት መረቁ፤ ሹፌሩን፣ የሹፌሩን እናት፣ በመንገዱ ገና ያላለፉትን መኪናዎች። ወይዘሮ ፈይሩዛ እያንዳንዷን መዘኑ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜዬ አለፈ። ሀጂ ዞረው የማሳውን ቃርሚያ አዩ፤ አባታቸው ያረሱት፣ እርሳቸውም ያረሱት ማሳ ነው። የሆነ ነገር ሊሉ ጀምረው አቆሙ። ያ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ማይክ ፈለገ።

ከዚያ አመሌን ስለሚያውቁ ወደ እኔ ዞሩ። «አንዲት ብቻ ቀርታለች፣ መምህርት። ታገሺኝ።»

እጄ እንደተዘረጋ ነበር።

«ግድ የለም ሀጂ» አልኳቸው። «ሁለት ይሁን።»

«አሚን» አሉ ወይዘሮ ፈይሩዛ፣ ምንም ሳያስቡ።